በሁለት ማዕበል መሀል

ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ወደቡ ሳይነሣ፣
ጀልባ ሳይቀሰቀስ፣ ሳይመዘን ዓሣ፣
ጋሽ ባንቴ ይወርዳል ደረጃውን ቆጥሮ፣
ደብተሩ ብብቱ ሥር፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ ልክ እንደ ወትሮ።
ሐይቁ ውስጥ የቆመች ባለቁጥር ዘንግ አለች፤
ጣና ዛሬ ስንት ነው? ለእሱ ትነግራለች።

እኔም በዚያው ሰዓት፣ ከፎቅ፣ በመስኮት ሥር፣
ስልኬን እከፍታለሁ መውደዶች ልቆጥር።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ የሐይቁ ጽሕፈት ቤት
ገጽ አለው፤ እኔ ነኝ የገጹ አንደበት።
በወር መጨረሻ ቅጽ ይመጣልኛል፤
ስንት ሰው አየው? ይለኛል።
ስንቱ ወደደ? ስንቱ አጋራ? ይለኛል።

ሰኔ ላይ አንድ ፔሊካን ለጠፍሁ፣
ፀሐይ ስትጠልቅ አፉን ከፍቶ የሚያዛጋ።
አርባ ሁለት ሺህ ቀይ ልብ፣ ገና ሳይነጋ!
አለቃዬ ወይዘሮ የሺወርቅ ስልኬ ላይ አጎነበሰች፤
«ሥራ ማለት ይሄ ነው» ብላ ሻይ ጋበዘች።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ጉማራን አደፈረሰ፤
ዓሣው ዕንቁላሉን ይዞ ሽቅብ ገሠገሠ።
እኔም ጻፍሁ፤ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፦
«ወንዝ አፍ ላይ መረብ አትጣሉ።
ዓይኑ ጠባብ መረብ ያለው ያምጣና በሰፊ ይለውጥ።»
አሥራ አንድ መውደድ።
አንዱ የእህቴ ነው፤ እሷ ሁሉን ትወዳለች።
አንዱን ጣት ስቶት ኖሯል፤ ወዲያው ተነሣ፣ አሥር ቀረች።
አንድ አስተያየት፦ «ፔሊካኑስ የት ሄደ?»

ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ፣ ዶፍ እየወረደ፣
በሩን በትከሻው ገፍቶ አንድ ሰው ገባ፣
እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጀርባው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት።
«አስረስ እባላለሁ፤ ከቆራጣ ነኝ» አለና
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።
መረብ። እርጥብ። ዓይኑ ጣት የማያሾልክ፤
የዓሣ ቅርፊት እንደ ሳንቲም የተጣበቀበት።

«ስልክስ የለኝም። ልጄ ዝናሽ
በጎረቤት ስልክ አይታ አነበበችልኝ።
"ድገሚው" አልኋት። ደገመችልኝ።
ሦስተኛውን እኔው በቃሌ አልሁት።
ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤
አባቴ የሚያሰግረው ዓሣ ክንድ ያህል ነበር፣
የእኔ መዳፍ ያህል፤
የእሷስ? እያልሁ…
የት ነው የማስረክበው?»

ፈረመ፣ በአውራ ጣት። ሄደ።
ከመረቡ የወረደው ውሃ የወሩን ቅጽ አራሰው።
ስንት ሰው አየው? አንዲት ልጅ።
ስንቱ ወደደ? እንጃ፤ ፊቱ የወደደ ሰው ፊት አይደለም።
ስንቱ አጋራ? ጎረቤት፣ ስልኩን።
እርጥብ መረብ የሚጻፍበት ሣጥን
ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁ።

በማግስቱ ከጋሽ ባንቴ ጋር ወደ ዘንጓ ወረድሁ።
ነፋስ ነበር፤ ውሃው ይዘላል፣ ይወርዳል።
«አሁን ስንት ብለህ ልትጽፍ ነው?»
«ይጠበቃላ!
ሲዘል ያየው "ጣና ሞላ" ብሎ ያወራል፣
ሲወርድ ያየው "ጎደለ" ብሎ ያሟርታል፤
የሁለቱም ዓይን አልዋሸም፤
ሐይቁን ግን አላዩትም።
በሁለት ማዕበል መሀል፣ ውሃው ትንፋሹን ሲሰበስብ፣
ያኔ ነው የሚነበብ።»
ጠበቅን። አንዲት ታንኳ አልፋ በጠበጠችው፤
እንደገና ጠበቅን።
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አንድ ቁጥር ጻፈ፣
ትንሽ፣ ማንም የማያጨበጭብለት።

ማታ ቅጹን ሞላሁ። ተደራሽነት፦ ቀንሷል።
«ማብራሪያ» በምትለው ጠባብ መስመር፦
አንድ መረብ። ከቆራጣ፣ በዝናብ የመጣ።

ወይዘሮ የሺወርቅ አነበበች፤ መነጽሯን አወለቀች።
«ይሄን ለበላይ ምን ብዬ ልላከው?» አለች።
መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም።
«ፔሊካን ቀርቶሃል?» አለች ቆይታ።
ቀርቶኛል። ለጠፍሁት።
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ መረብ ያለው ያምጣ።

መረቡ የተቀመጠበት ጥግ፣ ወለሉ ላይ፣
ውሃው ሲደርቅ ነጭ መስመር ትቷል።
ጽዳት የምትሠራው ሙሉዓለም
ጠዋት ጠዋት ትፈትገዋለች፤
«ይሄ ነገር አልለቅም አለኝ» ትላለች።